ኮር አይ ሰቨን ዶሮ አይቆጥርም፦ የኬተሪንግ ኮምፒውተር፣ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ለኬተሪንግ ሥራ ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው «ኮር አይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። መልሱ «ሰቨን» ከሆነ ዋጋው ወደድ ቢልም ልቡ ይረጋጋል። ሰቨን ፈጣን፣ ስሪ ቀርፋፋ ነው የሚለው እምነት ከሻጩም ከገዢውም አፍ አይጠፋም።

ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው ፕሮሰሰሩ በራሱ ዘመን ከወጡት መካከል ያለውን ደረጃ እንጂ ዕድሜውን አይደለም። ዕድሜው የሚታወቀው ከሰረዙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ነው። አይ7-2600 የሚል ከተጻፈበት የሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ኢንቴል ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አይ3-12100 ደግሞ የአሥራ ሁለተኛው ትውልድ ሲሆን በ2022 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። አዲሱ «ስሪ» አሮጌውን «ሰቨን» በፍጥነት ይበልጠዋል፤ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከስሙ በፊት ትውልዱን ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል።

ኮምፒውተር «ተጎተተ» ሲባልም ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ የሚያነበው ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ሲሆን ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 500 ይደርሳል። 8 ጊጋ ባይት ራምና 256 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ለፕሮፎርማ፣ ለግዢ ዝርዝርና ለሂሳብ ከበቂ በላይ ነው።

የበለጠ ገንዘብ የሚያስወጣው ሌላው እምነት ነው፦ «የኬተሪንግ ሶፍትዌር» ካልተገዛ ሥራው አይዘምንም የሚለው። በወር አሥር ወይም አሥራ አምስት ድግስ ለሚይዝ ድርጅት ኤክሴል ወይም ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ይበቃዋል። የሚጎድለው በትክክል የተሠራ ሠንጠረዥ ነው። አንዱ ገጽ ለአሥር ሰው የሚበቃውን የሽንኩርት፣ የበርበሬ፣ የቅቤና የዘይት መጠን ይይዛል፤ ሌላው የሳምንቱን የገበያ ዋጋ፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ተሰልቶ የሚወጣውን ፕሮፎርማ። ሽንኩርት ሲወደድ የሚነካው አንድ ሴል ብቻ ነው፤ የሁሉም ወጥ ዋጋ አብሮት ይስተካከላል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ትርፉን ያውቃል።

ሠንጠረዡ የት ላይ እንደሚያሳስት ዶሮ ወጥ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አንድ ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣዋል። 220 እንግዳ ለተጠራበት ሰርግ ለሰው አንድ ብልት ከታሰበ 220 ለ12 ሲካፈል 18.33 ይመጣል። ሴሉ ነጥቡን እንዲደብቅ ከታዘዘ የሚያሳየው 18 ነው፤ ገበያ የሚወጣው ሰውም 18 ዶሮ ይገዛል። 18 ዶሮ 216 ብልት ነውና አራት እንግዶች ብልት አይደርሳቸውም። ራውንድአፕ የሚባለው ቀመር ግን ምንጊዜም ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋ 19 ይላል። ማንኛውም ፕሮሰሰር ይህን ስሕተት ለባለቤቱ አያርምለትም፤ ቀመሩን መምረጥ የሰው ሥራ ነው።

ከቁጥሩ ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ቀኑ ነው። «ኤክሴል ቀን ያውቃል» የሚለው እምነት ግማሹ ብቻ ልክ ነው፤ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያኑን አቆጣጠር ነው። የ2018 መስቀል መስከረም 17 ቀን ዋለ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበር። ይህን ቀን፣ ቀን ከወር በሚቀድምበት አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ፣ 17/1/2018 ብሎ ያስገባ ሰው ኤክሴልን ዕለቱን ቢጠይቀው «ረቡዕ» ይለዋል፤ የተረዳው የጃንዋሪን 17 ነውና። ለኬተሪንግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ በሠንጠረዡ ዕለት ተመርቶ ምናሌ የሚያዘጋጅ ድርጅት ለመስቀል ድግስ ሽሮና አትክልት ብቻ ጭኖ ሊሄድ ይችላል። ጥቅምት 30 ቀን 30/2/2018 ተብሎ ሲገባ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይዞት ቀኖቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከቦታው ያርቀዋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ 6/13/2015 ተብሎ ቢጻፍ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጁን 13 ሆኖ ይቀመጣል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ የኢትዮጵያውን ቀን በጽሑፍ፣ «መስከረም 17» ብሎ፤ ሌላው የፈረንጁን ቀን በቁጥር፣ ለድርደራና ለማስታወሻ። ሰዓቱም ያው ነው። ደንበኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ያለው ምሳ በስልኩ ማስታወሻ 2 ሰዓት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ተብሎ መግባት አለበት፤ ካልሆነ ስልኩ የሚጮኸው እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው።

ፒችትሪ የተማረ ሰው መቅጠርም ብዙዎች ሁሉን እንደሚፈታ ያስባሉ። ፒችትሪ፣ ካምፓኒው ሴጅ 50 ብሎ ስሙን ከቀየረው ብዙ ዓመት የሆነው ሶፍትዌር፣ ጥሩ የሂሳብ መዝገብ ነው። ስንት ኪሎ ሥጋ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ግን አይነግርም፤ ለዚያ አልተሠራም።

አማርኛ ምናሌ ለመጻፍ የግድ የሚሸጥ የፊደል ሶፍትዌር ያስፈልጋል የሚለውም ዘመኑ ያለፈበት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ፊደሎች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ምናሌ ፊደሉ በሌለበት የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ያለ ክፍያ በሚገኘው ኪይማን በዩኒኮድ ጽፎ በፒዲኤፍ መላክ ችግሩን ያስወግደዋል።

ስለ መብራት ያለው እምነት ለብቻው መታየት አለበት። ብዙ ኩሽናዎች ውስጥ ኮምፒውተሩም፣ ፍሪጁም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ሲለኮስ መስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ከዚህ አይከላከልም። ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ መብራት ቢጠፋም ሥራው የማይቋረጥ ይመስለዋል፤ 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ ግን ዴስክቶፕን የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው። ጥቅሙም ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት መዝጋት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን በወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ሲያትም ብዙ መቶ ዋት በአንድ ጊዜ ይስባል፤ ዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕና ከዩፒኤስ ጥምረት የተሻለ ምርጫ ነው።

ለኩሽና ትእዛዝ ማተሚያ ሲመረጥም የሙቀት ጉዳይ አለ። ቀለም የማይፈልገው ቴርማል ፕሪንተር ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ለሁሉም ቦታ ይመከራል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን በሙቀት ነውና ከምድጃ አጠገብ የተለጠፈ ትእዛዝ ይጠቁራል። ሆቴልና ሬስቶራንት ኩሽናዎች ውስጥ በሪባን የሚመታው ድምፃም ፕሪንተር እስከ ዛሬ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

«ኮምፒውተርና ፕሪንተር ካለ ደረሰኝ መቁረጥ ይቻላል» የሚለው ደግሞ ቅጣት ያስከትላል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን አስገዳጅ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። ግዴታው ያለበት ነጋዴ የሚጠቀመው መሣሪያም ሆነ ከእሱ ጋር የሚገናኘው ሶፍትዌር የታክስ ባለሥልጣኑ ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። ኤክሴል ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተሰልቶበት የታተመ ወረቀት ፕሮፎርማ ነው፤ ደረሰኝ አይሆንም። ሻጩ «ዕውቅና አለው» ካለ ደብዳቤውን ማየትና በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ከግዢው በፊት የሚደረግ ነገር ነው።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርስ? «ያው ነው፣ ይሠራል» ይባላል። ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል መመሪያ አብሮት የሚመጣው ግን በአጋጣሚ አይደለም፤ በውስጡ ሌላ ነገር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የአምራቹን ማስተካከያ (አፕዴት) አያገኝም፤ ማስተካከያ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ግንቦት 2009 ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ በ150 ገደማ አገሮች ተሠራጨ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር።

«ፍላሽ ላይ አለ» የሚለው የብዙ ድርጅቶች መጽናኛም በቂ አይደለም። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ከዋለ ቫይረሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቆልፋል፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነም ከቦርሳው ጋር ይጠፋል። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ ባይት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የአንድ አነስተኛ ኬተሪንግ የዓመታት ሠንጠረዥና ፕሮፎርማ ከዚያ ትንሹን ክፍል ብቻ ነው የሚይዘው። ፋይሉ እዚያ ሲቀመጥ ኮምፒውተሩ ቢበላሽም ከስልክ ላይ ይከፈታል። ቅዳሜ ድግስ ያለበት ድርጅት ዓርብ ማታ የእንግዳውን ብዛት፣ የአዳራሹን አድራሻ፣ የደንበኛውን ስልክና የቀረውን ክፍያ አትሞ አንዱን ለሹፌሩ፣ አንዱን ለዋና አብሳይዋ ቢሰጥ፣ በማግስቱ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ መኪናው ከነምግቡ በሰዓቱ ይነሳል።