መምህሯ ምን ልታሠራው አስባለች?

ኦገስት አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲከፈት በኮሎራዶ ያለ መምህር ራሱን ይገመግማል፣ ለዓመቱ የሚሠራበትን ግብ ይጽፋል፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብሎም ይነጋገርበታል። ዓመቱ ሲጋመስ ሁለቱ እንደገና ያዩታል፤ በመጨረሻ ደግሞ ይመዘንበታል። አሠራሩ የመጣው ሴኔት ቢል 191 በተባለው የ2010 ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉን ተከትለው ከወጡት የመምህራን የጥራት መለኪያዎች አንዱ ስለ ቴክኖሎጂ ነው፤ መምህሩ በእጁ ያለውን መሣሪያ አስቦበት ለተማሪው ዕውቀት እንዲያውለው ይጠይቃል።

ግቡ የሚጻፍበት ይህ ወረቀት መኖሩን ከወላጆቻችን ብዙዎቹ አያውቁም። በአውሮራም ሆነ በዴንቨር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ የሚያየው ልጁ ክሮምቡክ በቦርሳው ይዞ ሲገባ፣ ማታም ስክሪን ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲያመሽ ነው። እየተማረ ነው ወይስ እየተጫወተ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን መሣሪያውን በማየት ብቻ ማግኘት አይቻልም። አንድ ዓይነት ክሮምቡክ በአንዱ ክፍል ልጁን ፈጣሪ ያደርገዋል፣ በሌላው ክፍል ደግሞ ምርጫ እየነካ የሚውል ፈዛዛ ያደርገዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው መምህሩ ያን ወረቀት ሲሞላ ያሰበው ነገር ነው። ስለዚህ ግቡ ለእኛም ጉዳያችን ነው።

እዚህ ልጅ እያሳደጉ ካሉት ወጣት ወላጆች ብዙዎቹ የክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን መጀመሪያ የተዋወቁት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በ2004 የተጀመረው ፕሮግራም ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ እንግሊዝኛንና ሌሎችንም ትምህርቶች በሳተላይት ለኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ ሰዓት ያሠራጭ ነበር። የተቀረጹት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ አነጋገሩም ለጆሯችን እንግዳ። ከአርባ ደቂቃ ገደማው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ ለመምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ተማሪው ገና ጥያቄውን ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው።

ፕላዝማን በጅምላ መኮነን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ወረዳ ለሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ጥፋቱ ግቡን ያወጣው ሰው ክፍሉን አለማየቱ ነው። የትኛው ተማሪ እንደገባው፣ የትኛው እንደቀረ፣ የት ላይ ቆም ማለት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው መምህር ዳር ቆሞ እንዲያይ ተደረገ። በዚያ የተማርን ትውልድ ልጆቻችን ፊት ስክሪን ሲቀመጥ ብንሠጋ አይፈረድብንም።

ግቡን ክፍሉን የሚያውቀው መምህር ራሱ እንዲያወጣ በማድረግ ረገድ ግን ዴንቨር ረጅም ታሪክ አላት። የከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደርና የመምህራኑ ማኅበር በ1999 አንድ ሙከራ ጀመሩ፦ መምህሩ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተስማምቶ ለተማሪዎቹ የዓመት ግብ ያወጣል፤ ከግቡ ከደረሰ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ለአራት ዓመት የዘለቀውን ሙከራ ያጠና አንድ የቦስተን ተቋም መምህራኑ የጻፏቸውን ግቦች በጥራት ደረጃ መድቦ ከተማሪዎቹ ውጤት ጋር አስተያየ። ግባቸው በሚገባ የታሰበበት መምህራን ያስተማሯቸው ልጆች በፈተና ላቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። ለእኔ ከጠቅላላው ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሐሳቡ ጥራት ልጆቹ ዘንድ ደርሶ ታይቷል።

ገንዘቡ ሲገንን ግን ነገሩ ተወሳሰበ። የመምህራኑ ማኅበር አባላት በ2004 አዲሱን የክፍያ ሥርዓት በድምፅ ተቀበሉት፣ በ2005 ደግሞ የከተማዋ ሕዝብ በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር የንብረት ግብር መደበለት፤ ፕሮኮምፕ ተባለ። ከዓመታት በኋላ መምህራኑ ደመወዛችን በየጊዜው ከፍና ዝቅ ስለሚል ኑሯችንን ማቀድ አልቻልንም ብለው በፌብሩዋሪ 2019 ለሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። ከ1994 ወዲህ በከተማዋ የመጀመሪያው የመምህራን አድማ ነበር። ሴኔት ቢል 191ም ቢሆን ሲወጣ የመምህሩን ምዘና ግማሽ በተማሪዎች ውጤት ዕድገት ላይ መሥርቶ ነበር፤ በ2022 ወደ 30 በመቶ ዝቅ ተደርጓል። ግብ በደመወዝና በምዘና ሲታሰር ሰው በቀላሉ የሚቆጠረውን መምረጡ አይቀርም። «ተማሪዎቼ በሳምንት ሁለት ጊዜ ኮምፒውተር ይጠቀማሉ» ብሎ መጻፍ አያስቸግርም፤ ተቆጥሮ ሊረጋገጥም ይችላል። ልጁ ግን ምን አተረፈ?

የተሻለ ግብ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው ዉድላንድ ፓርክ መሄድ ይበቃል። በትንሿ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ለስፖርት ውድድር ሩቅ ስለሚጓዙ ብዙ ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል። ሁለቱ መምህራን በ2007 ትምህርቱን በድምፅና በሥዕል እየቀረጹ ለቀሩት ልጆች ማስቀመጥ ጀመሩ። ኢንተርኔት ለሌለው በፍላሽ፣ ኮምፒውተርም ለሌለው በቴሌቪዥን እንዲያየው በዲቪዲ ገልብጠው ይሰጡት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገለጻው ቤት ከታየ የክፍሉ ሰዓት ለምን ለሙከራና ለጥያቄ አይሆንም አሉ። የተገለበጠው ክፍል የሚባለው የማስተማሪያ ዘዴ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው በአብዛኛው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቪዲዮ እንደ ፕላዝማው ሁሉ ቪዲዮ ነው። እዚህ ግን መምህሩ የራሱን ተማሪዎች ችግር ተመልክቶ ቀረጸው፤ ተማሪው አቁሞ መልሶ ያየዋል፤ በማግስቱም መምህሩ አጠገቡ መጥቶ ምን እንዳልገባው ይጠይቀዋል።

 

አሁን ወደ ልጆቻችን ክፍል እንግባ። በአውሮራ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ160 በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦች ልጆች ይማራሉ፤ አማርኛ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ለእነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ሥራ ይስማማል? የኤምአይቲው ምሁር ሲሞር ፓፐርት በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ኮምፒውተር ልጁን ከሚያዝዘው ልጁ ኮምፒውተሩን ቢያዝዘው ይሻላል ሲሉ ተከራክረው ነበር። የእርሳቸውን ፈለግ የተከተሉ የኤምአይቲ ሰዎች በ2007 ስክራች የተባለውን ነጻ የፕሮግራም መጻፊያ ለልጆች አወጡ። ልጁ ባለቀለም ብሎኮችን እያገጣጠመ ገጸ ባሕርይ ያንቀሳቅሳል፣ ያናግራል፣ ጨዋታ ይሠራል። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር የቋንቋ ምርጫው ነው። እዚያ ገብተው አማርኛ የሚለውን ሲመርጡ ብሎኮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይዞራል። ትናንት እንግሊዝኛው ያቃታት፣ ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣች ልጅ በዚያች ደቂቃ ከጎኗ ለተቀመጠው ልጅ አስረጂ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ለዓመቱ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «እስከ ዲሴምበር እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ የሰማውን አንድ ተረት በስክራች ሠርቶ በቤቱ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ያናግረዋል፤ አንዱ ክፍል አልሠራ ሲለው ለምን እንዳልሠራና እንዴት እንዳስተካከለው ለክፍሉ ያስረዳል።» በዚህ ግብ ውስጥ ሰዓትና የመሣሪያ ቁጥር የለም። ልጁ የሚሠራው ሥራ፣ የሚናገረው ነገር፣ ስሕተቱን የሚያርምበት ሁኔታ አለ። አያት በስልክ ከባሕር ዳር የጦጣንና የጅብን ተረት ሲያወሩ የሚቀዳው ልጅ የቤት ሥራውን እየሠራ ነው። ይህ ሲሆን ቤተሰቡም የትምህርቱ አካል ሆነ።

ለሳይንስ መምህር ደግሞ ሀብቱ ቅርብ ነው። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 ቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት ፌት ነጻ የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖች አሉት፤ አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉመዋል። የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያውን ይክፈቱት። ልጁ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያያይዛል፤ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ያያል። ሽቦውን ከባትሪው ጫፍ ወደ ጫፍ በቀጥታ ካገናኘው ባትሪው ስክሪኑ ላይ በእሳት ይያያዛል። በቤታችን የማንፈቅድለትን አደጋ ያለ ጉዳት ሞክሮ ምክንያቱን ይጠይቃል። «ተማሪዎቼ አምፖሉን በሦስት ዓይነት መንገድ ያበራሉ፤ ከመሞከራቸው በፊትም ምን እንደሚሆን ይገምታሉ» የሚል ግብ ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ይበልጣል።

እንቅፋቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙው ተቃልሎ ነበር። ዴንቨር በ2016 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው የ572 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ውስጥ የቴክኖሎጂ ድርሻ ነበረ፤ በማርች 2020 ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋም ክሮምቡኮች ለተማሪዎች በብዛት ታደሉ። ያኔ በአንድ አፓርታማ ሦስት ልጆች በአንድ ደካማ ዋይፋይ ሲማሩ፣ እናት የሆስፒታል ሽፍት ላይ፣ አባት አየር ማረፊያ ሥራ ላይ ሲሆኑ ምን እንደተፈጠረ ሁላችንም እናስታውሳለን። የቀረው ጉድለት የመምህሩ ጊዜና የእኛና የመምህሩ መግባባት ነው።

በቅርቡ የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ጊዜ እቆጥባለሁ ይላል። በ2023 የተመሠረተው፣ ማጂክስኩል የተባለው የዚህ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መቀመጫው ዴንቨር ነው፤ መሥራቹ አዲል ካንም በዚሁ ከተማ ርእሰ መምህር ነበሩ። መሣሪያው የትምህርት ዕቅድ፣ ጥያቄና የወላጅ ደብዳቤ በደቂቃ ያረቃል። መምህሩ ማታ ማታ የሚሠራው የወረቀት ሥራ ከቀለለለት እሰየው። እኔን የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛን እየተማረ ያለው ልጅ ነው። ድርሰቱን ማሽን ካቃናለት፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ማየት ያለበት ስሕተት ከወረቀቱ ይጠፋል፤ ልጁም ያልደረሰበት ደረጃ ላይ የደረሰ ይመስላል። ማሽኑን ራሱን ለእርማት ቢያቀርቡለትስ? ጉግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ዛሬም አማርኛው በየቦታው ይንሻፈፋል። ከትምህርት ቤት የመጣን ማስታወቂያ ማሽን እንዴት እንደተረጎመው ልጁ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ቢያርምና ለክፍሉ ቢያሳይ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ያጠናል፤ ማሽንን በጭፍን አለማመንንም ይለምዳል። እንዲህ ያለ ግብ በየትኛውም ክፍል አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ካለ ሊወጣ ይችላል።

ወላጅ እዚህ ውስጥ የሚገባበት በር የመምህርና የወላጅ ቀጠሮ ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታው ውስን የሆነ ወላጅ ትምህርት ቤቱ በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብለት የፌዴራል ሕግ መብት ሰጥቶታል፤ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ የለበትም። ቀጠሮው ከመድረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ይበቃል። ቀጠሮው ላይ ስለ ውጤት ብቻ ጠይቆ መመለስ የለመድነው ነገር ነው። ልጄ በኮምፒውተር የሠራውን አንድ ነገር ያሳዩኝ፣ ከዚህ በኋላስ ምን ልታሠሩት አስባችኋል ብሎ መጠየቅ ግን መምህሩን ወደ ጻፈው ግብ ይመልሰዋል። ሥራው ካለ ልጁ ራሱ ከፍቶ ያስረዳ። ከሌለም አያቱ የነገሩትን ተረት፣ ወይም ያረመውን ትርጉም ይዞ መቅረብ ይቻላል፤ ቀጠሮው በመጸው ከሆነ የዓመቱ አጋማሽ ግምገማ ገና አልደረሰም፣ መምህሩና ርእሰ መምህሩም ግቡን ለማሻሻል ጊዜ አላቸው።