ማር ቆረጣና አምስት ደቂቃ

ብርቱ የአለርጂ ምላሽ፣ ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት፣ ፋታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ የታተመ የሞት ጥናት እንዳሳየው፣ ትንፋሽ ወይም ልብ እስኪቆም ያለፈው መካከለኛ ጊዜ በምግብ 30፣ በንብና በተርብ 15፣ በሕክምና መድኃኒት ደግሞ 5 ደቂቃ ነበር። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ግን መንገድ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ከጀማ ወይም ከወንጭት ሸለቆ የሚወጣ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ዓለም ከተማ ሆስፒታል የሚደርሰው በቃሬዛ ነው።

ማር ቆራጭ ቀፎውን በኩበት ጢስ ቢያጥንም መነደፉ አይቀርለትም። ንብ መንደፊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ጥላ ትሄዳለች፤ ከረጢቱም ለብቻው መርዝ መግፋቱን አያቆምም። በጥፍርም ሆነ በቢላ ቶሎ መንቀል ነው። የተነደፈው ቦታ ብቻ ቢያብጥ ብዙም አያሰጋም። ገላ ሁሉ ሽፍ ብሎ ካሳከከ፣ ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ካለ ወይም ዓይን ከጨለመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንዴ ሽፍታው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

«አምና ተነድፎ ምንም አልሆነም» የሚባለው ዋስትና አይሆንም። ፈረንሳዮቹ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ በሞናኮው ልዑል መርከብ ላይ የባሕር እንስሳትን መርዝ መመርመር ጀምረው፣ ወደ ፓሪስ ሲመለሱ ውሾችን መርዝ ሊያላምዱ ሞከሩ። ኔፕቱን የተባለው ውሻ የመጀመሪያውን መርፌ በደህና አለፈ፤ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ቢወጉት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1902 ታተመ፤ ሪሼም በ1913 ኖቤል ተሸለመበት።

መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም በጭን ውጫዊ ጡንቻ ይወጋል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞንና የማሳከክ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠት፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ጊዜ ማባከን ነው። በሽተኛው እግሩ ከፍ ብሎ በጀርባው ይተኛል፤ ትንፋሽ ያጠረው ብቻ ቀና ይላል። ራሱን የሚስተውን በበቅሎ አስቀምጦ መውሰድ ደም ወደ ልቡ እንዳይመለስ ያደርጋል፤ ቃሬዛው ይሻላል።

ፔኒሲሊንም ይህንኑ ምላሽ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ለሩማቲክ የልብ በሽታ በየወሩ የሚሰጠው ጤና ጣቢያ የአድሬናሊኑን ብልቃጥ ከመርፌው ጎን ያስቀምጥ እንጂ መጋዘን አይቆልፍበት። አንድ ጊዜ መድኃኒት ያልተስማማው ሰው የመድኃኒቱን ስም በካርዱ ያስጽፍ፤ ማር ቆራጩም ከጥቅምቱ ማር ቆረጣ በፊት አድሬናሊን በቅርብ የት እንደሚገኝ ይጠይቅ።