እንዴት ይሠራል? ግድግዳዎ ውስጥ ያለው ላስቲክ

አንድ ብርጭቆ በበረዶ ውሃ ይሙሉና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ወጡ እየተንተከተከ ከሆነ ደግሞ ጥሩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ብርጭቆው ከውጭ ያልበዋል። ውሃው ከውስጥ ሾልኮ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውሃ ተመልሶ ነው።

ሚኒያፖሊስ ወይም ካልጋሪ የሚኖሩ ከሆነ፣ በብርዱ ወራት ግድግዳዎም ውስጥ ይኸው ይደርሳል። ቤቱ 21 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 40 ከመቶ ከሆነ፣ አየሩ 7 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ላይ ማላብ ይጀምራል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን የግድግዳው የውጭ ጣውላ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። እዚያ የደረሰ እንፋሎት በረዶ ይሆናል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ሻጋታ፣ ቀጥሎም የበሰበሰ እንጨት።

ለዚህ ነው ከጂብሰሙ ጀርባ ስስ ላስቲክ የሚወጠረው። ካናዳ ውስጥ የተለመደው ውፍረት 0.15 ሚሊሜትር ነው። ብልሃቱ ቦታው ላይ ነው፦ ብርድ መከላከያውን ከሞቃቱ በኩል ይሸፍናል፤ እንፋሎቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ይገታል።

ላስቲኩ ግን የሚሠራው ቀዳዳ ከሌለው ነው። የሰሜን አሜሪካ የግንባታ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ስሌት አለ። በአንድ የብርድ ወቅት፣ 1.2 በ2.4 ሜትር በሆነ ሙሉ የጂብሰም ሰሌዳ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃ ሲሶ ሊትር ገደማ ነው። በዚያው ሰሌዳ ላይ 2.5 በ2.5 ሳንቲሜትር የሆነች ቀዳዳ ካለች ግን ከአየሩ ጋር ወደ 30 ሊትር ያልፋል።

ቀዳዳዎን ማግኘት ይፈልጋሉ? ነፋስ ባለበት ቀን መስኮቶቹን ዘግተው የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ ያብሩ። የዕጣን እንጨት ለኩሰው፣ ከመጋረጃ ራቅ አድርገው፣ በውጭ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት አጠገብ ይያዙት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ከታጠፈ ብርዱ በዚያ እየገባ ነው፤ ማውጫው ሲጠፋ ደግሞ ሞቃቱ አየር በዚያው ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሱቁ። ላስቲክ ከላስቲክ ለሚደራረብበት፣ እንደለሰለሰ የሚቆይ፣ የማይደርቅ ጥቁር ማሸጊያ ይግዙ። በላዩ የሚለጠፈውም ለዚሁ የተሠራ ቴፕ ይሁን፤ ተራው ግራጫ ቴፕ ጊዜ ሲያልፍ ይላቀቃል። ለሶኬት ከሽፋኑ ስር የሚገባ ስስ የአረፋ ንጣፍ ይሸጣል፤ ሽፋኑን ከመፍታትዎ በፊት መብራቱን ከብሬከር ሳጥኑ ያጥፉ። በመስኮት ዙሪያ፣ ጣሳው ላይ «ለመስኮትና ለበር» የሚል የሚነፋ አረፋ ይምረጡ። ሌላው ሲያብጥ ፍሬሙን ሊያጣምመው ይችላል።

ብርድ መከላከያውስ? ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ከድንጋይ የሚሠራው ሱፍ ውሃንም እሳትንም ይበልጥ ይችላል። ሁለቱም እንደ ጋቢ ናቸው፦ የሚያሞቁት በያዙት አየር ነውና ጠቅጥቀው አያስገቧቸው፣ ነፋስም አያስነኳቸው። ሁለቱም እንፋሎት ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ ላስቲክ ይፈልጋሉ። 5 ሳንቲሜትር የተረጨ ጠጣር አረፋ ግን እንፋሎትን ራሱ ስለሚገታ ላስቲክ አይጨምሩበት። በሁለት ገቺዎች መሃል የገባ እርጥበት መድረቂያ አያገኝም።

ሂውስተን ያለ ዘመድዎ ምክር ቢጠይቅዎት ታዲያ ይህን አይንገሩት። እዚያ እርጥበቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ቀዝቃዛው ደግሞ በኤሲ የቀዘቀዘው የውስጥ ግድግዳ ነው። ከጂብሰሙ ጀርባ ላስቲክ ቢወጥር ውሃውን እዚያው ያጠራቅማል። ላስቲኩን ይተወው፤ ቀዳዳ መድፈኑን ግን እሱም አይተው።