የሪህ በሽታና አያያዙ

በአገራችን «ሪህ» የሚለው ቃል ሰፊ ትርጉም አለው። ጉልበቱን የሚቆረጥመውም፣ ወገቡን ብርድ የመታውም፣ በእርጅና ጣቶቹ የደነደኑበትም ሁሉ «ሪህ ይዞኛል» ይላል። በሕክምና ዓይን ግን እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሪህ የምንለው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ሲበዛ የሚመጣውን፣ ዐረቦች «ኒቅሪስ» ብለው የሚጠሩትን በሽታ ብቻ ነው። የስሙ መደባለቅ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ለብዙዎቻችን ከአገር ቤት «የሪህ መድኃኒት ላክልን» የሚል መልእክት ይደርሰናል፤ ለየትኛው ሪህ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚላክ መድኃኒት ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ሀ. በሽታው እንዴት ይመጣል?

ፒዩሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በሰውነታችን ሕዋሳትና በምንበላው ምግብ ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ሲፈራርሱ ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል። ከዚህ አሲድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከራሳችን ሰውነት የሚመነጭ ሲሆን፣ ከምግብ የሚገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አብዛኛውን የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊት በበቂ መጠን ማስወጣት ሲያቅተው አሲዱ በደም ውስጥ ይከማቻል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍም፣ ውሃ ውስጥ ከልክ በላይ እንደ ተጨመረ ጨው መሟሟቱን ትቶ በመርፌ መሰል ቅንጣት መልክ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ይቀመጣል። የሰውነት መከላከያ ኃይል እነዚህን ቅንጣቶች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋቸው መገጣጠሚያው ይቃጠላል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ድንገት ይጀምራል። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያጠቃው የእግርን አውራ ጣት ሥር ነው። ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ የአንሶላ ንክኪ እንኳ አይችልም። ባይታከምም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ሕመሙ ሲሄድ በሽታው አብሮ የሄደ ይመስላል። ቅንጣቶቹ ግን እዚያው ናቸው። ከዓመታት በኋላ በጣቶች፣ በክርንና በጆሮ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ያወጣሉ፤ መገጣጠሚያውን ይሸረሽራሉ። የዩሪክ አሲድ መብዛት የኩላሊት ጠጠርም ሊያስከትል ይችላል።

ሪህ ቀድሞ በአውሮፓ «የነገሥታት በሽታ» ይባል ነበር፤ ነገር ግን ድሃውንም ይይዛል። የዘር ውርስ፣ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ድካም ዋና ዋና መንሥኤዎቹ ናቸው። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሽንት አብዛኝ መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶልም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ይሁንና እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። ሴቶችን በአብዛኛው የሚይዘው የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት በሪህ ከተያዘ ኩላሊቱ መመርመር ይኖርበታል።

ለ. በምን ይታወቃል?

አስተማማኙ ምርመራ ከታመመው መገጣጠሚያ ፈሳሽ ቀድቶ በልዩ ማይክሮስኮፕ ቅንጣቶቹን ማየት ነው። ይህን ዘዴ በ1961 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ነበሩ። የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የዩሪክ አሲዱ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሕመሙ ከለቀቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም ሕመም የሌለበት ሰው የሪህ በሽተኛ አይባልም፤ በአብዛኛውም መድኃኒት አያሻውም።

ሐ. ሕመሙ ሲነሣ

እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀን ደጋግሞ ማስቀመጥ፣ ውሃ መጠጣት ይረዳል። ብርድ ልብሱ እግሩን እንዳይነካ ከሥሩ ካርቶን ማቆም ይቻላል። ማሸት ግን ሥቃዩን ያብሳል፤ ስለዚህ ወደ ወጌሻ መሄድ አይገባም።

ለማስታገሻ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን ያሉት ሲሆኑ፣ የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ላለበት አደገኛ ናቸው። ሁለተኛው ኮልቺሲን ነው። ይህ መድኃኒት የጥንት የመካከለኛው ምሥራቅ ሐኪሞች «ሱሪንጃን» ይሉት ከነበረው የተክል ዘር የሚገኝ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ተቅማጥ እስኪይዝ ድረስ በየሰዓቱ ይሰጥ ነበር፤ ያ አሠራር ዛሬ ተትቷል። አሁን ሕመሙ እንደ ጀመረ በትንሽ መጠን ይወሰዳል፤ ከመጠን ካለፈ ይገድላል። ሦስተኛው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ስቴሮይዶች ናቸው። ለጥቂት ቀናት ይጠቅማሉ፤ የደም ስኳርን ግን ከፍ ያደርጋሉ።

ከእብጠቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

መ. በሽታውን ማከም

ከላይ የተጠቀሱት መድኃኒቶች እሳቱን ያጠፋሉ እንጂ ማገዶውን አያነሡም። ማገዶውን የሚያነሣው በተለይ አሎፑሪኖል ነው። መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 እ.ኤ.አ. ከጀምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሕመሙ ለሚመላለስበት፣ እብጠት ላወጣ ወይም ኩላሊቱ ለተጎዳ በሽተኛ ይታዘዛል። በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በማይበልጥ መጠን ተጀምሮ፣ ዩሪክ አሲዱ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይጨመራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቅንጣቶቹ መሟሟት ሲጀምሩ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። በሽተኛውም «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ነገሩ ግን መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ለዚህም ሲባል ሐኪሙ ለ3 እስከ 6 ወር በትንሽ መጠን ኮልቺሲን አብሮ ያዛል። አሎፑሪኖል ሕመም ቢኖርም ባይኖርም በየቀኑ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ሆኖም በቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ሠ. ምግብና መጠጥ

ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ ሰርዲንና ብዙ ቀይ ሥጋ ዩሪክ አሲድን ይጨምራሉ። ቢራና አረቄም እንዲሁ። ለስላሳ መጠጦችም በውስጣቸው ባለው ስኳር ምክንያት ከጎጂዎቹ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ይከለከላሉ የሚለው አስተሳሰብ በጥናት አልተደገፈም፤ የሪህ በሽተኛ ያለ ሥጋት ሊበላቸው ይችላል። አሬራና ቅባቱ የወጣለት ወተት ይጠቅማሉ። ቡናም አይከለከልም።

ሰውነት ሲደርቅ ሕመሙ ሊቀሰቀስ ስለሚችል፣ በምንኖርበት የሙቀት አገር ውሃ በብዛት መጠጣት ያሻል። የረመዳንን ጾም የሚይዝ በሽተኛ ከኢፍጣር እስከ ስሑር ባለው ጊዜ በቂ ውሃ ይጠጣ፤ የመድኃኒቱንም ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ከ55 ቀን የሁዳዴ ጾም በኋላ በፋሲካ ዕለት ሥጋና መጠጥን በአንድ ጊዜ ማብዛትም ሕመሙን ይጠራል። በሌላ በኩል የምግብ ጥንቃቄ ብቻውን ዩሪክ አሲዱን የሚቀንሰው በአንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለሆነም ምግብ መድኃኒቱን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ረ. ወደ አገር ቤት መድኃኒት ስንልክ

ከመግዛታችን በፊት አራት ነገሮችን እንጠይቅ። በሽታው ሪህ መሆኑን ያረጋገጠው ማን ነው? የዩሪክ አሲዱ ቁጥር ስንት ነው? የኩላሊት ምርመራ ተደርጓል? በሽተኛው ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል? እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ «የሪህ መድኃኒት» እየተባለ ለወራት ሲወሰድ ሕመሙን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ስኳርንና ግፊትን ያመጣል፣ አጥንትንም ያሳሳል። የአንድ ወር አሎፑሪኖል ልኮ ማቋረጥም ፋይዳ የለውም። መድኃኒቱ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ስላለ በቅድሚያ እዚያው ማፈላለግ ይበጃል። የአራቱ ጥያቄዎች መልስ ካልታወቀ፣ መድኃኒት ከመላክ ይልቅ የምርመራውን ክፍያ መላክ ለወላጆቻችን የበለጠ ይጠቅማል።