የንጉሥ ግርማና የአንድ ምሽት ፊልም

ስለ አንድ መሪ «ግርማ ሞገስ አለው» ሲባል ግርማው ከሰውዬው ቁመና ወይም ከዓይኑ የሚወጣ ይመስላል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ አነጋገራቸውም ዝግ ያለ ነበር። ያም ሆኖ ፊታቸው ቀርቦ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሹም ጥቂት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህን ግርማ ምንጭ ከንጉሡ ሰውነት ይልቅ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ከነበረው ርቀት መፈለግ ይሻላል።

ርቀትን መጠበቅ በቤተ መንግሥታችን የቆየ ጥበብ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። እንግዶቹ ንጉሡን በዓይናቸው ለማየት ሳምንታት ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ ከፍ ካለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አፋቸውንና ጢማቸውን የሚከልል ሰማያዊ ሐር አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ይደረጋል። ፊታቸው ይታያል፣ መልሶም ይሰወራል። ሁልጊዜ የሚታይ ፊት ይለመዳል፤ የተለመደን ፊት ደግሞ የሚፈራው የለም። ያ ሐር ይህን ይከላከል ነበር።

በኃይለ ሥላሴ ዘመን መጋረጃው ቢቀርም ሥራውን እጅ መንሣቱ፣ የዙፋን ችሎቱና ቅብዓ መንግሥቱ ወርሰውታል። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውም የማይደፈር መሆኑን ደንግገዋል።

ጀርመናዊው አሳቢ ዋልተር ቤንያሚን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ኪነ ጥበብ ሲጽፍ፣ አንድ ሥራ በፎቶግራፍና በፊልም ሲባዛ «ኦራ» ያለውን ግርማውን ያጣል ብሎ ነበር። የኛ ታሪክ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም። የንጉሡ ምስል በብር ኖቱ፣ በሳንቲሙ፣ በቴምብሩና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ሲባዛ ግርማቸው ቀነሰ ለማለት ይከብዳል። ምስሉ ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚቆመው፤ ከጎኑ ምን እንደሚቀመጥ የሚመርጠውም ቤተ መንግሥቱ ነበር።

ደርግ ይህን በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል። ወታደሩ ለንጉሡ ታማኝነት የማለ ስለሆነ ዙፋኑን በቀጥታ መንካት አስጊ ነበር። ስለዚህ በነሐሴ 1966 ዓ.ም. በመጀመሪያ የዘውድ ምክር ቤቱንና የዙፋን ችሎቱን አፈረሰ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትንም ወረሰ። ንጉሡ ሳይነኩ በዙሪያቸው የነበረው ሥርዓት ሁሉ ተነሣ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንዳለ አልቀረበም፤ በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ተቀጥሎበታል። የግብዣው ምስል ለብቻው ቢታይ የንጉሥ ወግ ነው፤ ማንንም አያስቆጣም። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ከታየ በኋላ ሲመጣ ግን ያው ማዕድ ክስ ሆነ። በማግስቱ መኮንኖች የሥልጣን ማውረጃውን አዋጅ አንብበው ንጉሡን በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ጭነው ወሰዷቸው፤ መንገድ ላይ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መኪናው እንዲያው የተገኘ አይመስለኝም። ሰው ሲያይ የኖረው በሮልስ ሮይስ ሲያልፉ ነበርና።

ልክ በ10 ዓመቱ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድግስና ሰልፍ ሲያከብር ሰሜኑ ዳግም በረሃብ እያለቀ ነበር። በቀጣዩ ወር፣ በጥቅምት፣ የቢቢሲ ፊልም የኮረምን ሕዝብ ለዓለም አሳየ። በአገር ውስጥ ግን ድግሱንና ረሃቡን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ አልተገኘም፤ ቴሌቪዥኑ በደርግ እጅ ነበር።