ከጀናዛ በፊት የሚደርስ ጎረቤት

ሰው ሲሞት ሰፈር እንዴት እንደሚሰበሰብ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ጀናዛ ይሸኛል፣ እድሩ ገንዘቡን ያወጣል። ነገር ግን ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሲሰቃይ አጠገቡ ማን ነበር? ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ወይም አንዲት ሚስት ብቻዋን ናት። ለመሆኑ ይህን ሸክም ጎረቤት አብሮ ቢሸከመው ምን ጥቅም ይገኛል?

ሐኪሞች «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚሉት እንክብካቤ አለ። በሽታውን ማዳን ባይቻል እንኳ ሕመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ቁስሉንና ጭንቀቱን ማቃለል ማለት ነው። ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ከመጀመሪያውም ሊሰጥ ይችላል።

በዚህ ረገድ በደቡብ ህንድ የምትገኘው የኬረላ ግዛት ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ዶክተር ራጃጎፓልና ዶክተር ሱሬሽ ኩማር ከባልደረቦቻቸው ጋር በካሊከት ሕክምና ኮሌጅ አንድ የሕመም ማስታገሻ ማኅበር አቋቋሙ። ይሁን እንጂ አልጋ የያዘ ሰው ክሊኒክ ድረስ መምጣት አይችልም። ስለዚህ ሥራው ወደ ሰፈር ወረደ። ቀደምት ከሆኑት ቦታዎች አንዱ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበት የማላፑራም አውራጃ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሳምንት 2 ሰዓት መስጠት የሚችል ሰው ይመዘገባል፤ 16 ሰዓት ትምህርትና 4 ቀን የተግባር ልምምድ ይወስዳል። ከዚያም በሰፈሩ ያሉትን ታማሚዎች ይጠይቃል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያጫውታል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለነርሷና ለሐኪሙ ያሳውቃል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከነዋሪው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ታማሚው በቤቱ ሆኖ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ለመመላለሻም ገንዘብ አያወጣም። ሁለተኛ፣ አስታማሚዋ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ታርፋለች። ቤቱ ሲቸገር ደግሞ እህልና የልጆች ደብተር የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ሥራው የሰፈሩ ስለሆነ አንድ ለጋሽ ሲሄድ አይፈርስም። የግዛቲቱ መንግሥት በ2008 ይህን እንክብካቤ የሚመለከት ፖሊሲ አወጣ። በ2010 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናትም ከህንድ ሕዝብ 3 በመቶ ብቻ የሚኖርባት ኬረላ ከሀገሪቱ የዚህ ዓይነት አገልግሎት ሁለት ሦስተኛውን እንደምትሰጥ ገልጿል።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሐኪም አይደለም። ነርስና መድኃኒት ከሌለ አዛኝ ልብ ብቻውን የካንሰርን ሕመም አያስታግስም። ከባድ ሕመምን የሚያስታግሰው ሞርፊን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን «ሱስ ያስይዛል፣ ሐራም ነው» ብሎ ይፈራዋል። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ለሕመም ሲሰጥ ሱስ የመሆን አደጋው አነስተኛ ነው። ለሕክምና ሲያስፈልግ መውሰዱንም በርካታ ዑለማዎች ፈቅደዋል። እንግዲህ ሥራው መመዘን ያለበት ስንት ቤት ተጎበኘ በሚለው ብቻ ሳይሆን የስንቱ ሕመም ቀነሰ በሚለውም ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲረዳ ቆይቷል። አንድ ድርጅት ግን ሁሉን አይደርስም። እድርና ጀመዓ ግን በየሰፈሩ አለን። በሽተኛን መጠየቅም ሙስሊም በወንድሙ ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ታዲያ ለቀብር የምንመዘግበውን ያህል አልጋ የያዙትን ብንመዘግብ ምን ይከብደናል? ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰው ይመደብ፤ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ታስታምም፤ የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነርስ መሠረታዊውን ነገር ታሠልጥን። ስንሄድም «ሕመሙ ቀነሰልህ ወይ? አንቺስ ተኝተሻል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ አስታማሚዎችንም ያበርታልን።