«ኧርስትዋይል» የምትገባው የት ነው?

ስለ ከተሞቻችን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የምወዳት አንዲት ቃል አለች፤ «ኧርስትዋይል»። ትርጉሟ «የቀድሞ» ነው። ብዙዎቻችን ግን «አሮጌ» ወይም «ጥንታዊ» ለማለት እናስገባታለን። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጎሬን እንውሰድ። የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሰደዱ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው እዚሁ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ዞረ። ስለዚህ ጎሬን «ዚ ኧርስትዋይል ካፒታል ኦቭ ኢሉባቦር» ብንላት ልክ ነው። «ዚ ኧርስትዋይል ታውን ኦቭ ጎሬ» ካልን ግን ጎሬ ዛሬ ከተማ አይደለችም ማለታችን ነው። የቀረው እኮ ማዕረጉ እንጂ ከተማዋ አይደለችም!

ሌላው የቃሏ ቦታ ነው። ቅጽል ስትሆን ከስም በፊት ትገባለች፤ «ጎሬ ኢዝ ኧርስትዋይል» አይባልም። በአማርኛም ቢሆን «ጎሬ የቀድሞ ነች» ብሎ የሚያቆም የለም፤ «የቀድሞ ምን?» መባሉ አይቀርም። እናንተም ቃሏን ከመጻፋችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ፤ መልሱን ከቃሏ ቀጥላችሁ ጻፉት።